ስሙ ገብቷል፣ ዋስትናው አልገባም፦ ከኤሌክትሪክ መኪና ባለንብረቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርት፣ ለንግድና ለጥራት ቁጥጥር ሥራ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በታዋቂ ስም ተሸጠው ኃላፊነቱን የሚወስድላቸው ስለታጣ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የምንኖር፣ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነ የአንድ አምራች የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ባለንብረቶች ነን። ከመካከላችን በወር ደመወዝ የሚተዳደሩ ሠራተኞች፣ በስልክ ጥሪ የታክሲ አገልግሎት የሚሰጡ አሽከርካሪዎች፣ ቪትዛቸውን ሸጠው የባንክ ብድር የጨመሩ ወላጆች፣ እንዲሁም ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው የላኩላቸውን ገንዘብ በመኪና ላይ ያዋሉ ጡረተኞች አሉ። የአምራቹን ስም የማንጠቅሰው ፈርተን አይደለም። አቤቱታችን የሚመለከተው መኪኖቹን በዚህ ስም አምጥተው የሸጡልንን ነጋዴዎችና ሽያጩ የሚመራበትን አሠራር ስለሆነ፣ የሌላ ምርት ባለንብረቶችም በተመሳሳይ ችግር ውስጥ እንዳሉ ስለምናውቅ ነው።

ወደዚህ ገበያ የገባንበት መንገድ የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ ተገጣጥመው ለሚገቡትም የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ ላይ ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ተገለጸ። ውሳኔውን አንቃወምም። ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከገዛ ወንዞቻችን ነው፤ የከተማው አየርም የልጆቻችን አየር ነው። ነገር ግን ገዢው ሌላ አማራጭ እንዳይኖረው ሲወሰን፣ የቀረለት አንድ አማራጭ አስተማማኝ እንዲሆን የማድረግ ኃላፊነት ከውሳኔው ጋር አብሮ ይመጣል። እኛ ያላየነው ይህንን ነው።

ኃላፊዎች በቅድሚያ እንዲገነዘቡልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በአገራችን አንድ መኪና «አይሞትም» የሚባለው በተሠራበት ፋብሪካ ብቻ አይደለም። የቶዮታ ስም እንዲህ የጸናው አምራቹ በአገር ውስጥ ሕጋዊ ወኪል ስላለው፣ ከሶማሌ ተራ ጀምሮ እስከ ክፍለ አገር ከተሞች መለዋወጫው ስለሚገኝ፣ ጅማም ሆነ ጎንደር መኪናው ቢቆም ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ መካኒክ ስለማይጠፋ ነው። የድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ዛሬም ድረስ የምትሄደው ብረቷ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚያድናት ሰው በየሰፈሩ ስላለ ጭምር ነው። ስለዚህ እኛም የታወቀ ስም ስናይ ከስሙ ጋር ወኪሉ፣ መለዋወጫውና ባለሙያው አብረው የሚመጡ መስሎ ተሰማን፤ ሻጮቹም በቃላቸው ያረጋገጡልን ይህንኑ ነበር።

የመጣው ግን ሌላ ነው። መኪኖቻችን አምራቹ ከቻይና አጋሮቹ ጋር ለቻይና ገበያ የሠራቸው ናቸው። ወደዚህ ያመጧቸውም ከአምራቹ ጋር ምንም ውል የሌላቸው ነጋዴዎች ናቸው። ለአምራቹ መኪኖቹ አሁንም ቻይና ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለመኖራቸው በመዝገቡ ላይ የሰፈረ ነገር የለም። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ችግሮች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

አንደኛው የዋስትና ጉዳይ ነው። ስንገዛ ሁላችንም የሰማነው «ባትሪው የስምንት ዓመት ዋስትና አለው» የሚል ነበር። ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ቻይና አምራቾች ለባትሪው፣ ለኤሌክትሪክ ሞተሩና ለመቆጣጠሪያው ቢያንስ የ8 ዓመት ወይም የ120 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲሰጡ ታስገድዳለች። ሻጮቹ ያልነገሩን፣ ይህ ዋስትና የሚሠራው መኪናው እንዲነዳበት በተሸጠበት አገርና አምራቹ በሚያውቀው የጥገና ጣቢያ መሆኑን ነው። አንዲት አባላችን «አዲስ፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ተብሎ የተሸጠላት መኪና ከውጭ ከመጫኑ በፊት ቻይና ውስጥ በሌላ ስም ተመዝግቦ እንደነበር ያወቀችው ገንዘቡን ከከፈለች በኋላ የቻይንኛውን ሰነድ አስተርጉማ ነው። ይህ አሠራር በቻይናም የታወቀ ነው፦ አዲስ መኪና ሰሌዳ ይሰጠውና «ያገለገለ» ተብሎ ወደ ውጭ ይላካል፤ ዋስትናውም መቁጠር የሚጀምረው እዚያው ቻይና ውስጥ ከተሸጠበት ጊዜ ነው። አባላችን ሻጩን ልታነጋግር ስትሄድ በዚያው ሱቅ የቤት ዕቃ ይሸጥ ነበር። የድርጅቱ ስልክ አይነሣም፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ስምም በመኪናው በር ላይ ተለጥፎ ከነበረው የማስታወቂያ ስም ጋር አይገናኝም።

ሁለተኛው የጥገና ነገር ነው፤ ይህ በየቀኑ የሚያስጨንቀን ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናስረዳለን። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ጎማውን ከሚያሽከረክረው ትልቅ ባትሪ ሌላ፣ በሮቹን፣ መብራቶቹንና ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅስ፣ በማንኛውም መኪና ላይ እንደምናውቀው ያለ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለ። ይህ ትንሽ ባትሪ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም። ሳሪስ አካባቢ የሚኖር በታክሲ ሥራ የሚተዳደር አባላችን፣ ማታ በሰላም ግቢው ያስገባው መኪና ጠዋት በሩ እንኳ አልከፈት አለው። በመጠባበቂያው ቁልፍ ከፍቶ ሲገባ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ቀይ የቻይንኛ ጽሑፍ አሳየና ጠፋ። ጽሑፉን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ቻይና ለሚማር የጎረቤት ልጅ በቴሌግራም ላከ። ትርጉሙ «የኤሌክትሪክ ሥርዓት ብልሽት፤ የጥገና ማዕከል ያነጋግሩ» የሚል ሆኖ መጣ። የሚያነጋግረው ማዕከል ግን አገር ውስጥ የለም። በክሬን ተጭኖ የተወሰደበት ጋራዥ ዋናው ባትሪ እንደሞተ ነግሮት፣ ለቅያሪ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ የሚጠጋ ገንዘብ ጠየቀው። መኪናው በሥራ ያስገኝለት የነበረው ገቢ ቆሞ፣ የባንክ ዕዳው ግን ወለዱን እየጨመረ ከቆየ በኋላ፣ ሌላ ባለሙያ በቀላል መለኪያ የትንሹን ባትሪ ቮልት ለክቶ ያለቀው እርሱ መሆኑን አረጋገጠለት። ትንሹ ባትሪ ተቀየረ፤ መኪናው ተነሣ።

በዚህ ምሳሌ ጋራዡን ልንከስ አልፈለግንም። የአምራቹን የጥገና መመሪያና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረውን የምርመራ መሣሪያ የሚያገኘው የአምራቹ ወኪል ነው፤ ወኪል በሌለበት አገር መካኒኩ የሚሠራው በግምትና ከኢንተርኔት በሚያገኘው ቪዲዮ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሕይወቱ ነገር ነው። በእነዚህ መኪኖች ወለል ሥር ያለው ባትሪ ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ኃይል አለው። ይህ ሰው ይገድላል። መከላከያ ጓንት ሳያጠልቁና የኃይል መቁረጫውን ሳይነቅሉ ባትሪውን የሚከፍቱ ወጣቶችን በዓይናችን አይተናል፤ አንድ ቀን አንዱ እጃችን ላይ እንዳይቀርብን እንሠጋለን። ሠልጥኑ ያላቸው የለም፣ መሣሪያም የሰጣቸው የለም።

መለዋወጫን በተመለከተ ብዙ ማተት አያስፈልግም። የፊት መብራት የተሰበረበት አባላችን መብራቱን ያገኘው ከጓንግዡ በሚመለስ መንገደኛ ሻንጣ ነው። የመድን ድርጅቱ በበኩሉ በአገር ውስጥ የታወቀ ዋጋ የለውም በማለት ግምቱን ለወራት አዘገየበት። ሌላ አባላችን ኮብልስቶን ላይ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የመኪናዋን ሆድ መታባት። የባትሪው መያዣ ገብቶባታል፤ ዛሬ ግን መኪናው ስለሚሄድ ትነዳዋለች። ውስጡ ተጎድቶ እንደሆነና እንዳልሆነ መርምሮ በፊርማው የሚያረጋግጥላት አንድም ቦታ አላገኘችም። የባትሪ ጉዳት ከጊዜ በኋላ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል እየታወቀ፣ ልጆቿን ጭና ትምህርት ቤት የምታደርሰው በዚህ መኪና ነው። ለዓመታዊው ቦሎ ስንቀርብም ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ሲታይ እንጂ የባትሪው ጤንነት ሲለካ አላየንም።

ሦስተኛው «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለው ማስታወቂያ ነው። በየማሳያ ሱቁ በትልቁ የሚጻፈው 500 እና 600 ኪሎ ሜትር የሚመጣው ሲኤልቲሲ ከሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ መኪናው የሚፈተነው በአብዛኛው የከተማ ግፊያ በሚመስል ዝግተኛ ጉዞ፣ በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውጤቱም አውሮፓውያን ከሚጠቀሙበት ዳብሊዩኤልቲፒ ከሚባለው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ሻጩ ቁጥሩን ሲያሳይ የቁጥሩን ምንጭ አያሳይም። አገራችን ደግሞ ሜዳ አይደለችም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ለባትሪው የተመለሰለት ኃይል የዳገቱን ወጪ አይሸፍንም። ወደ ባሕር ዳር ለለቅሶ ይጓዙ የነበሩ አባላችን ደጀን ሳይደርሱ ዳገቱ መሐል ኃይል ጨርሰው፣ አዛውንት እናታቸውን በጭነት መኪና ጋቢና አሳፍረው ለመላክ ተገደዋል። እኒህ ሰው የተነገራቸው ቁጥር ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ ወይ በአውቶቡስ ይሄዱ ነበር፣ ወይ ቻርጅ የሚያደርጉበትን ከተማ አስቀድመው ያቅዱ ነበር።

ከዚሁ ጋር የቻርጅ መሰኪያውም መነሣት አለበት። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የቻይናን ጂቢ/ቲ የተባለ መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ አውሮፓ የምትጠቀምበት ሲሲኤስ 2 ከዚህ ጋር አይገጥምም። አገሪቱ የትኛውን እንደምትከተል ለገዢ በግልጽ ካልተነገረና ጣቢያዎቹም በዚያው ካልተገነቡ፣ ባለንብረቱ የቤቱን ሶኬት እያቃጠለ ይኖራል። የቀለጠ ሶኬት ያልገጠመው አባል ከመካከላችን ጥቂት ነው።

አራተኛውና በእኛ ግምት ኃላፊዎችን ከሁሉ በላይ ሊያሳስባቸው የሚገባው የጥሪ፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት የተገኘባቸውን መኪኖች ለእርማት መልሶ የሚጠራበት አሠራር ጉዳይ ነው። ታላላቅ አምራቾችም ይሳሳታሉ፤ ይህ በዓለም ፊት የተመዘገበ ነው። በአስተማማኝነቱ ወደር የለውም የሚባለው ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ከነዳጅ መርገጫና ከወለል ምንጣፍ ጋር በተያያዘ ችግር ሚሊዮኖች መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል፤ ፕሬዚዳንቱ አኪዮ ቶዮዳም በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ይቅርታ ጠይቀዋል። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ቢዜድ 4 ኤክስ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ለገበያ በቀረበ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ የጎማ ማሰሪያ ብሎኖቹ ላልተው ጎማው ሊወልቅ ይችላል በማለት ወደ 2,700 የሚጠጉ መኪኖችን ጠርቷል። ቮልስዋገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ውኃ በበሩ እጀታ ውስጥ እየገባ መኪናው በጉዞ ላይ እያለ በሩ ሊከፈት ስለሚችል፣ በአሜሪካ ብቻ ከ98 ሺህ በላይ አይዲ 4 መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ሁለቱም ሞዴሎች ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ይታያሉ።

እነዚህን የምናነሣው አምራቾቹን ለማሳጣት አይደለም፤ ስህተትን ገልጦ ማረም ለስማቸው የሚገባ ተግባር ነው። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ አሜሪካዊው ባለንብረት ደብዳቤ በፖስታ ሲደርሰው፣ ቻይናዊው በስልኩ መተግበሪያ ሲነገረው፣ ለእኛ የሚነግረን ማን ነው? ከመካከላችን ማንም ስለ መኪናው ጥሪ ከሻጩም ሆነ ከሌላ አካል አንድ መልእክት ደርሶት አያውቅም። እያንዳንዱ መኪና ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻንሲ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ሊብሬያችን ላይ ተጽፎ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ይገኛል። አንድ ቢሮ የጥሪ ዝርዝሮችን እየተከታተለ ከዚህ መዝገብ ጋር ቢያመሳክር ማን አደጋ ላይ እንዳለ ማወቅ ይቻላል። ቢያንስ ይህ አንዱ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ፈቃደኝነት የሚጠይቅ ይመስለናል።

ሕጉን በተመለከተ አዲስ ነገር እንዲፈጠርልን አንጠይቅም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ይናገራል። በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ መመሪያ፣ ምንጩ ያልተገለጸ የኪሎ ሜትር ቁጥርና ድንበር የማይሻገር ዋስትና ከእነዚህ ድንጋጌዎች ጋር እንዴት እንደሚታረቁ ሊገባን አልቻለም። ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ እንዳይወጡ ደንግጋለች፤ ላኪው አገር ለስሙ ተጨንቆ በሩን ሲያጠብ፣ ገዢው አገር ለዜጎቹ ተጨንቆ ቢያንስ ያንኑ ያህል ቢያደርግ የሚበዛበት አይደለም።

ስለሆነም የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሁሉ አስቀድሞ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣ ድርጅት ሁሉ ላመጣው ሞዴል በአገር ውስጥ የጥገና ጣቢያ፣ የምርመራ መሣሪያና የመለዋወጫ ክምችት እንዲኖረው፣ ወይም እነዚህ ካሉት ድርጅት ጋር ውል እንዲይዝ፣ ድርጅቱ ቢዘጋም ገዢው የሚካስበት የዋስትና ገንዘብ በባንክ እንዲያስይዝ ይደረግ። አስቀድመው የተሸጡት መኪኖች ከዚህ ግዴታ ውጭ እንዳይቀሩ አደራ እንላለን፤ አዲሱ ደንብ ለነገ ገዢዎች ብቻ ከሆነ እኛ የሜዳ ላይ ሆነን እንቀራለንና።

በሽያጭ ጊዜ ለገዢው በአማርኛ ወይም በሚረዳው የአገር ውስጥ ቋንቋ የተጻፈ፣ የመኪናውን የመጀመሪያ ምዝገባ ቀን፣ የባትሪውን የጤንነት ልኬት፣ የጉዞ ርቀቱ የተለካበትን ዘዴና አገር ውስጥ የሚሠራውን ዋስትና የያዘ ሰነድ መስጠት ግዴታ ይሁን። የስክሪኑ ቋንቋም ቢያንስ አሽከርካሪው በሚያነበው እንዲሆን አስመጪው ይገደድ፤ ማስጠንቀቂያን አለማንበብ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

የሻንሲ ቁጥርን ከዓለም አቀፍ የጥሪ ዝርዝሮች ጋር የሚያመሳክርና ለባለንብረቱ በአጭር የስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ክፍል ይቋቋም። የባትሪ ምርመራ በዓመታዊው ቦሎ ውስጥ ይካተት። ከዚህ ጎን ለጎን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መካኒኮቻችንን በከፍተኛ ቮልቴጅ ጥገናና ደኅንነት እንዲያሠለጥኑ ከአስመጪዎች በሚሰበሰብ ገንዘብ ጭምር ይደገፉ። የእኛን አቤቱታዎች የሚቀበል፣ ቁጥር ሰጥቶ መዝግቦ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ አንድ ጠረጴዛም ይወሰንልን፤ እስከ ዛሬ ጉዳዩ የንግድ ነው ሲባል ወደ ትራንስፖርት፣ የትራንስፖርት ነው ሲባል ወደ ጥራት እየተላክን ተመላልሰናል።

የግዢ ውሎችን፣ የቻይንኛ ሰነዶችን ከነትርጉማቸው፣ የጋራዥ ደረሰኞችንና የተጎዱ ክፍሎችን ፎቶግራፎች አደራጅተን ይዘናል። ቀጠሮ በተሰጠን ቀን ቀርበን ለማስረዳት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በአዲስ አበባ የሚገኙ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባለንብረቶች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለመኪና አስመጪዎችና ሻጮች
ለመድን ድርጅቶች
ለመገናኛ ብዙኃን